ካፕሪዞቭ ወይስ ያኩፖቭ? የሩሲያ ሆኪ ልጆች ቶሎ ይውጡ ወይስ በስለው?

የቦልስተኑ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ነገር ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ስንት ጊዜ አከራክሮናል፤ ዛሬ ግን እዚህ ላምጣው ብዬ ነው።

የምኖረው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው። ዋሽንግተን ካፒታልስ የሚለማመዱበት የበረዶ ሜዳ እዚሁ ቦልስተን፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ነው ያለው። ሥራዬ አጠገቡ ስለነበር በምሳ ሰዓት ወደ ላይ እወጣ ነበር። ልምምድ ማየት በነፃ ነው። አንድ ቀን ልምምዱ አልቆ ሌሎቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገቡ ሩሲያዊው ኮከባቸው ኦቬችኪን ከአንድ አቀባይ ጋር ቀረ። በግራ በኩል ካለው ክብ ላይ ቆሞ ያ ሰው ያቀብለዋል፣ እሱ ይመታል። ያቀብለዋል፣ ይመታል። ፓኳ ማለት ያቺ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት። ስትወጣ አትታይም፤ መረቡ ሲነቃነቅ ነው ጎል መሆኑን የምታውቀው። ገና እየተጫወትኩ ስላደግኩ ዱላ ሩር ሲመታ ያለውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው፤ ደረት ውስጥ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሩሲያ ልጆች ያላነበብኩት የለም።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ፦ የሩሲያ ልጆች ወደ አሜሪካና ካናዳ ቶሎ ይውጡ ወይስ አገራቸው ቆይተው በስለው? ኦቬችኪን በ2004 ድራፍት 1ኛ ሆኖ ተመረጠ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ድራፍት ማለት የኤንኤችኤል (የአሜሪካና የካናዳ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ክለቦች ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ታዲያ ያን ዓመት ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በገንዘብ ተጣልተው ሊጉ ሙሉ ዓመት ተዘጋ። ልጁ እዚያው ዳይናሞ ሞስኮ ቀረና ከትልልቆቹ ጋር ተጋፍቶ የሩሲያን ዋንጫ በላ። ዋሽንግተን ሲደርስ 20 ዓመቱ ነበር፤ የበሰለ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። በመጀመሪያ ጨዋታው 2 ጎል፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 52 ጎል አገባ። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ደግሞ 895ኛውን አግብቶ የዌይን ግሬትዝኪን የሊጉ የምንጊዜም የጎል ሪከርድ ሰበረ። በረኛው ኢሊያ ሶሮኪን፣ ያው የአገሩ ልጅ ነበር።

ካፕሪዞቭን እዩት። የድንጋይ ከሰል ከተማ ከሆነችው ኖቮኩዝኔትስክ የወጣ ልጅ ነው። በ2015 በ135ኛ ተራ ሚኒሶታ መረጠው። በዚያ ተራ የተመረጠ ልጅ ስሙን እንኳ የሚያስታውሰው የለም። እሱ ግን 5 ዓመት አገሩ ቆየ። ኡፋ ተጫወተ፣ ሲኤስኬኤ ሞስኮ ተጫወተ፣ በ2018 ኦሎምፒክ ፍጻሜ ጀርመን ላይ በጭማሪ ሰዓት የወርቁን ጎል አገባ፣ በ2019 የሩሲያውን ሊግ የጋጋሪን ዋንጫን አነሳ። በ23 ዓመቱ አሜሪካ መጣ፤ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ያኩፖቭን ደግሞ እዩት። ገና በ16 ዓመቱ ሳርኒያ፣ ካናዳ ሄደ። በ2012 ኤድመንተን 1ኛ አድርጎ መረጠው። በ24 ዓመቱ ወደ ሩሲያ ተመለሰ፤ በኤንኤችኤል ያገባው በ350 ጨዋታ 62 ጎል ነው።

እና እኔ የምለው፣ ቆይቶ መውጣት ይሻላል። ልጅ እንጀራ አይደለም፤ ትኩስ ትኩሱን አይነሳም። ምን ትላላችሁ?

ኤድመንተን ሰፈሬ

ወንድሜ፣ ስለ ካፕሪዞቭ ያልከው ልክ ነው። በያኩፖቭ ግን አልስማማም። እኔ እዚሁ ነበርኩ።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2013። ውጭ ብርዱ ፊት ይልጣል፤ እኛ አንድ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለናል። ሎስ አንጀለስ 1 ለ 0 እየመራ ነው። 4.7 ሰከንድ ሲቀረው ያኩፖቭ አገባ። ከዚያ በበረዶው ላይ ሮጦ በጉልበቱ ተንሸራተተ፣ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ሆኪ የማያውቁ አበሾች ሳይቀሩ ተነስተው ጮኹ። ኤድመንተን በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ። በማግስቱ በየቴሌቪዥኑ የሚወራው ግን ስለ ጎሉ አልነበረም። «ደስታውን አበዛው» ነው። የ19 ዓመት ልጅ ነው እኮ! በዚያ ዓመት በ48 ጨዋታ 17 ጎል አገባ።

ከዚያ ምን ሆነ? አሠልጣኙ ተባረረ። ሌላ መጣ። እሱም ተባረረ። ሌላ መጣ። ደግሞ ሌላ። ልጁ እዚህ በቆየባቸው 4 ዓመታት በ4 አሠልጣኝ እጅ አለፈ። አንዱ «አጥቃ» ይለዋል፣ ሌላው «መጀመሪያ መከላከል ተማር» ይለዋል፣ ሌላው በመጨረሻ ተራ ሜዳ ከሚገቡት ጋር ከቶ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ጎል አግቢን ልጅ እያስቀመጡ ጎል አምጣ ማለት ይቻላል?

ቶሎ መውጣቱ ነው ያጠፋው ካልክ ደግሞ ኩቼሮቭን ምን ልታደርገው ነው? በ2011 በ58ኛ ተራ ታምፓ መረጠው። ሲኤስኬኤ አንድ ዓመት ሙሉ 18 ጨዋታ ብቻ አጫወተው። ልጁ ወደ ኩቤክ የወጣቶች ሊግ ሄደ። የሄደበት አንዱ ከተማ ሩዊን ኖራንዳ ነው፤ የማዕድን ከተማ ናት፣ ትንሽ፣ በረዶ የበዛባት። የዚያን ዓመት በኩቤክ 33 ጨዋታ ተጫውቶ 63 ነጥብ አመጣ። (ለአዲሶች፦ ጎልም፣ ለጎል ማቀበልም እያንዳንዱ 1 ነጥብ ነው።) ኤንኤችኤል ሲገባ በመጀመሪያ ምቱ አገባ። 2 የስታንሊ ዋንጫ (የኤንኤችኤል ሻምፒዮን ዋንጫ) አለው፤ በ2019 የሊጉ ኮከብ ሆነ። እሱም እንደ ያኩፖቭ የካናዳን መንገድ ነው የሄደው። መንገዱ አንድ፣ መድረሻው ሌላ።

ጥያቄ ብቻ

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ለሆኪ አዲስ ነኝ፣ ግን ውይይቱን በጣም ወድጄዋለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በእግር ኳስ ክለቡ ብር ከፍሎ ልጁን ይወስደዋል። ሚኒሶታ ለምን 5 ዓመት ጠበቀ? ገዝቶ አይወስደውም ነበር?

በረኛው

ጥሩ ጥያቄ ነው። በኤንኤችኤልና በሩሲያው ኬኤችኤል መካከል የዝውውር ስምምነት የለም። ስለዚህ ልጁ ሩሲያ ውስጥ ውል ካለው ውሉ ማለቅ አለበት፤ ካልሆነ ክለቡ በፈቃዱ መልቀቅ አለበት። መምረጥ ማለት ሄዶ መውሰድ ማለት አይደለም። ሌሎች እንዳይነኩት መብቱን መያዝ ነው።

ሚችኮቭን ለዚህ ማየት ነው። የፐርም ልጅ ነው። በ2023 ድራፍት 1ኛ ከተመረጠው ከኮነር ቤዳርድ ቀጥሎ ያለው ችሎታ የሱ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ግን ከኤስካ ሴንት ፒተርስበርግ ጋር ያለው ውል እስከ 2026 ነው። ክለቦቹ ፈሩ። «3 ዓመት ማን ይጠብቃል?» አሉ። 6 ክለብ አለፈውና ፊላዴልፊያ በ7ኛ ተራ አነሳው። ከድራፍቱ 2 ወር ቀደም ብሎ ደግሞ አባቱን ቀብሮ ነበር። በዚያ ዕድሜ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ መድረክ ላይ መውጣት ቀላል አይደለም።

ልብ በሉ፣ ኤስካ ትልቅ ክለብ ስለሆነ ልጁን ቦታ አልሰጠውም። ሶቺ በውሰት ሄደ። ሶቺ ደካማ ቡድን ነው፤ ግን እዚያ እሱ ነው ንጉሡ። በ2023-24 በ47 ጨዋታ 41 ነጥብ አመጣ። ከዚያ ኤስካ ውሉን 2 ዓመት ቀደም ብሎ ለቀቀለት። ፊላዴልፊያ ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 26 ጎል።

በረኞች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ እኔም ስሜን ያገኘሁት ከዚያው ነው። ሼስተርኪን በ2014 በ118ኛ ተራ ተመረጠ፣ ኒው ዮርክ የመጣው በ2019 ነው። በ2022 የሊጉ ምርጥ በረኛ። ሶሮኪንም በዚያው ድራፍት 78ኛ ነበር፣ እሱም የመጣው በ2020። በረኛ ላይ ጥድፊያ አይሠራም። እዚህ ላይ ከቦልስተኑ ጋር ነኝ።

የሌኒንግራድ ተማሪ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሌኒንግራድ ከተላኩት አንዱ ነኝ። የምትሉትን ሳነብ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ።

ከማደሪያችን በስተጀርባ፣ በፎቆቹ መሃል፣ በሳንቃ የታጠረች ሜዳ ነበረች። ኮሮብካ ይሏታል፣ ሣጥን ማለት ነው። ማታ ውኃ በጎማ ያርከፈክፉባታል፤ ጠዋት መስተዋት ሆና ትገኛለች። ከትምህርት መልስ ልጆቹ እንደ ንብ ይሰፍሩባታል። እኛ መስኮት ላይ ቆመን እናያለን። ከእኛ አገር ገና ጋር የሚያመሳስለው ነገር ይበዛል፤ ዱላው፣ ግርግሩ፣ መቁሰሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ለአንድ ሩሲያዊ ጓደኛዬ ተርጉሜለት በጣም ወደደው።

በዚያን ጊዜ «ልውጣ ወይስ ልቆይ» የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ሲኤስኬኤ የሠራዊቱ ክለብ ነው፤ ተጫዋቾቹ መኮንኖች ናቸው። አሠልጣኙ ቪክቶር ቲኾኖቭ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ካምፕ ውስጥ ያኖራቸው ነበር፤ ከሚስትና ከልጅ ርቀው። ዓለምን ያሸነፈ ቡድን ነው፤ ይሄንን ማንም አይክድም። ዋጋውን የከፈሉት ግን ልጆቹ ናቸው።

በ1989 የሲኤስኬኤው አጥቂ ሞጊልኒ ከዓለም ሻምፒዮና በኋላ ስቶክሆልም ላይ ጠፋ። 20 ዓመቱ ነበር። መኮንን ስለሆነ ከሠራዊቱ እንደከዳ ተቆጠረ። ቡፋሎ በ89ኛ ተራ መርጦት ነበርና 89 ቁጥር ለበሰ። በ1992-93 በአንድ ዓመት 76 ጎል አገባ። በዓመቱ፣ በ1990፣ የቡድን ጓደኛው የነበረው ፌዶሮቭ አሜሪካ ለውድድር ሄዶ በዚያው ቀረ። እንግዲህ አስቡት፤ አገሩን፣ እናቱን፣ ቋንቋውን ለስንት ዓመት እንደሚያጣ ሳያውቅ ነው የወጣው። እኛም ከአገር የወጣን ሰዎች ይሄ ይገባናል።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ ጨርሶ አልጠፋም። ማልኪን በ2006 ክለቡ ማግኒቶጎርስክ እንዲቆይ አዲስ ውል ካስፈረመው በኋላ ሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከቡድኑ ተለይቶ ጠፋ፣ ቀጥሎ የታየው ሎስ አንጀለስ ነው። በ2022 ደግሞ በረኛው ፌዶቶቭ ከፊላዴልፊያ ጋር ከፈረመ በኋላ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተይዞ ወደ ሰሜን ለውትድርና ተላከ። ፊላዴልፊያ የደረሰው በ2024 ነው። ስለዚህ የልጆቹን መንገድ ስታወዳድሩ፣ ሁሉም መንገዱን ራሱ መርጦ አይምሰላችሁ።

የቦልስተኑ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ «መረጠ» የምትለዋን ቃል ያለ ሐሳብ ነው የተጠቀምኩባት። ከ2022 ወዲህ እኮ የካናዳ ወጣቶች ሊግም በጦርነቱ ምክንያት ለሩሲያና ለቤላሩስ ልጆች በሩን ዘግቶ ነበር። ኩቼሮቭ የሄደበት መንገድ ሞንትሪያል እንደመረጠው እንደ ዴሚዶቭ ላሉት ወጣቶች ክፍት አልነበረም። በግድ ነው የቆዩት።

የሚኒያፖሊስ እናት

ለብዙ ጊዜ ሳነብ ነው የቆየሁት፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ እዚህ ሆኪ ይጫወታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ መኪና ውስጥ አጎንብሼ የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነኝ። ጣቴ ይቆረጣል ከብርዱ። ሆኪ ብር ይበላል፣ ጊዜ ይበላል። ያም ሆኖ ባለፈው ዓመት ልጄ ጨዋታ እያለ አብዛኛውን ሰዓት አግዳሚ ላይ ነበር። ቡድኑ ጠንካራ ስለሆነ ለትልልቆቹ ነው ደቂቃው። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ዘንድሮ ደከም ያለ ቡድን ውስጥ አስገባሁት። በየፈረቃው (ተጫዋቾች በየአጭር ጊዜው እየተቀያየሩ ነው የሚጫወቱት) ይገባል፣ ይሳሳታል፣ ተመልሶ ይገባል። አሁን መኪና ውስጥ ማውራት አላቆመም።

ስለ ሚችኮቭና ስለ ሶቺ የተጻፈውን ሳነብ እንባዬ መጣ። ልጄን ነው ያየሁበት።

ካፕሪዞቭ የመጀመሪያ ጨዋታውን በ2021 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲጫወት ከልጄ ጋር እያየን ነበር። 2 አቀብሎ፣ በጭማሪ ሰዓት ራሱ አግብቶ ጨረሰው። በ2025 ደግሞ ለ8 ዓመት 136 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ውል። የ135ኛው ልጅ! ግን እኔን ብሩ አይደለም የገረመኝ። ኖቮኩዝኔትስክ በ17 ዓመቱ ከአዋቂዎች ጋር አስገብቶ ማጫወቱ ነው። ድሃና ደካማ ቡድን ስለነበር ሕፃኑንም ፈለገው።

ፓናሪንም እንደዚያው አይደል? አያቶቹ ያሳደጉት የኮርኪኖ ልጅ። ማንም አልመረጠውም፤ ድራፍት ላይ ስሙ አልተጠራም። ቪትያዝ የሚባል ትንሽ ክለብ ውስጥ ነው ያደገው። በ2015 ቺካጎ ሲገባ 30 ጎል አገባ፣ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

በረኛው

እህቴ፣ ስለ ፓናሪን አንድ ነገር ልጨምር። ቺካጎ መሃል አጥቂ አድርጎ አጠገቡ ያሰለፈለት አርቴም አኒሲሞቭን ነው፣ ሩሲያኛ ተናጋሪ። ልጁ እንግሊዝኛ አያውቅም። ፓትሪክ ኬን በአንድ ወገን፣ በራሱ ቋንቋ የሚያናግረው ሰው በሌላ ወገን። እንዲህ ያለ ነገር ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ ግን ስደተኛ የሆነ ሁሉ ዋጋውን ያውቀዋል።

ከሞንትሪያል

ዴሚዶቭ ስለተነሳ ነው የገባሁት። በ2024 በ5ኛ ተራ መረጥነው («መረጥነው» ያልኩት ከተማው ሁሉ እንዲህ ስለሚል ነው)። ያን ክረምት ኤስካ ውስጥ አንዳንድ ማታ ከሁለትና ከሦስት ፈረቃ በላይ አይገባም ነበር። የሞንትሪያል ሰው ሌሊት ተነስቶ የሩሲያ ጨዋታ ያያል፣ ልጁ ግን አግዳሚ ላይ ነው። ሰው ይናደድ ነበር። እንዲያም ሆኖ ዓመቱን በ49 ነጥብ ጨረሰ፣ ያውም ገና በ19 ዓመቱ። አስቡት ሙሉ ደቂቃ ቢያገኝ።

ኤፕሪል 14 ቀን 2025 ሜዳችን ቤል ሴንተር ላይ ከቺካጎ ጋር ገባ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ አቀበለ፣ አንድ አገባ። እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። መንገድ ላይ ሰው ጥሩምባ እየነፋ ነበር።

ኤድመንተን ሰፈሬ

ቆይቶ መውጣት ይሻላል ላለው ደግሞ የቀረውን ላንሳ። ብዙ መቆየትም አለ እኮ። ሺፓቾቭ የኬኤችኤል ኮከብ ነበር። በ2017 በ30 ዓመቱ ቬጋስ መጣ። 3 ጨዋታ፣ 1 ጎል፣ ከዚያ ወደ አገሩ። ጉሴቭ፣ ያ በኦሎምፒክ ፍጻሜ 1 ደቂቃ እንኳ ሳይቀር አቻ ያደረገውና ለካፕሪዞቭ ያቀበለው፣ በ27 ዓመቱ ኒው ጀርሲ መጣ። አንድ ጥሩ ዓመት ነበረው፣ በ2021 ሩሲያ ነበር። ያኔ አብረው ወርቅ ያመጡት ሁለቱ ልጆች የት እንደደረሱ እዩ። ጉሴቭ ችሎታ አንሶት አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ለመማር ማንም አይታገሥህም።

ኒቹሽኪን ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ለእኔ። በ2013 በ10ኛ ተራ ዳላስ መረጠው፣ በ18 ዓመቱ ገባ። ጥሩ ጀመረ። ከዚያ ጉዳት፣ ከዚያ ደቂቃው አነሰ፣ በ2016 ወደ ሲኤስኬኤ ተመለሰ። በ2018 ደግሞ ዳላስ መጣ። ዓመቱን ሙሉ 57 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ጎል አላገባም። ዜሮ። ክለቡ ቀሪ ውሉን ከፍሎ አሰናበተው። በዚህ ጊዜ ይሄ ልጅ አልቆለታል ያላለ ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ኮሎራዶ በትንሽ ብር ወሰደው፣ መጀመሪያ የመከላከል ሥራ ሰጠው፣ ቀስ ቀስ እያለ ደቂቃውን ጨመረለት። በ2022 የስታንሊ ዋንጫን ሲያነሱ ከምርጦቹ አንዱ እሱ ነበር። ታዲያ እሱ የወጣው ቶሎ ነው ወይስ ዘግይቶ? ሁለቱንም አድርጎታል። የተለወጠው ያስቀመጡት ቦታ ነው።

የቦልስተኑ

ኤድመንተን፣ አሳምነኸኛል። ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ሆኜ ስሞቹን ሁሉ ወረቀት ላይ ደርድሬ አየኋቸው። ዕድሜያቸውን ስከተል ምንም አልወጣልኝም። በ18 የገባ ተሳክቶለታል፣ በ18 የገባ ወድቋል። በ23 የመጣ ነግሷል። የድራፍት ተራቸውም እንደዚያው፤ 1ኛ የወጣው ኦቬችኪንም አለ፣ ያኩፖቭም አለ። ግን «ከ17 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ በቋሚነት ሜዳ ይገባ ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙው ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ካፕሪዞቭ ኖቮኩዝኔትስክ፣ ሚችኮቭ ሶቺ፣ ኩቼሮቭ ሩዊን ኖራንዳ፣ ኦቬችኪን ዳይናሞ። ሊጉ የዘጋበትን ዓመት እንደ ዕድል የቆጠርኩት ስለቆየ ነበር። አሁን ሳየው፣ ስለተጫወተ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን አርሜያለሁ። የት ነው ደቂቃ የሚያገኘው? ትንሽ ከተማም ይሁን፣ ደካማ ቡድንም ይሁን። ሚኒያፖሊስ ያለሽው እህቴ፣ ለልጅሽ ያደረግሽው ትክክል ነው። ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

በሚቀጥለው ሞንትሪያልና ፊላዴልፊያ ሲገናኙ የዴሚዶቭንና የሚችኮቭን ፈረቃ ልቆጥር ነው። ስንቴ ገቡ፣ ከማን ጋር፣ ስህተት ከሠሩ በኋላ አሠልጣኙ መልሶ አስገባቸው ወይስ አስቀመጣቸው። አብሮኝ የሚቆጥር ካለ ይጻፍ፤ ቁጥራችንን እናስተያያለን።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያች ኮሮብካ ውስጥ ተራው እንዴት ነበር? ትንንሾቹስ ይገቡ ነበር?

የሌኒንግራድ ተማሪ

እቆጥራለሁ፣ እኔንም ጻፈኝ።

ተራው በሰዓት ነበር። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ደመወዝ የሚከፍላቸው ያለ አይመስለኝም፤ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ሳንቃው ላይ ይደገፋሉ። በቀኝ እጃቸው ሰዓት፣ በአፋቸው ፊሽካ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ፊሽካው ይጮኻል፤ በሜዳው ያሉት ይወጣሉ፣ ሌሎቹ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ አንድ በጣም ትንሽ ልጅ ነበረ፤ የታላቅ ወንድሙን ጫማ አድርጎ ገና መቆም የሚማር። እሱም ሲደርሰው ይገባል። ሁለት ሦስቴ ይወድቃል፣ ዱላውን ተመርኩዞ ይነሳል፣ ፓኳ ጋ ሳይደርስ ፊሽካው ይጮኻል። ወጥቶ እንደገና ሰልፉ ጫፍ ላይ ይቆማል።